ምዕራፍ 7፦ ጣሪያ የሚያረጀው በምስማሩ ነው

ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ ሆለታን አልፎ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው አዲስ ዓለም ይደርሳል። የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ካለችበት ኮረብታ ሆኖ ቁልቁል ሲመለከት የቤቶቹን ዕድሜ ከጣሪያቸው ቀለም ማንበብ ይችላል። አዲሱ ቆርቆሮ ዓይን ይወጋል፤ ጥቂት ክረምት ያሳለፈው አመድማ ሆኗል፤ የሰነበተው ደግሞ ቡናማ ነው። ከቡናማዎቹ አንዱን ጠጋ ብሎ ላየው ዝገቱ ጣሪያውን እኩል አላለበሰውም። በመስመር በመስመር ተሰልፏል፤ ከየመስመሩም ሥር ቀጫጭን የዝገት ፈለግ ወደ ታች ወርዷል። መስመሮቹ ምስማር የተመታባቸው ቦታዎች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ቆርቆሮ ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግል ነው።

ቤት ማፍሰስ ሲጀምር ግን ባለቤቱ ቶሎ የሚያስበው ስለ ቆርቆሮው ነው። «አርጅቷል፣ ይቀየር» ይላል። ገንዘብ ያለው ይቀይራል፤ የሌለው ካትራሜ ያስቀባል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ያለቦታው የወጣ ወጪ ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ከሚያፈሱት ጣሪያዎች አብዛኞቹ ሕመማቸው ምስማሩና ምስማሩ የገባበት እንጨት ላይ ነው።

አዲስ ዓለምን ለዚህ ምዕራፍ የመረጥኳት ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማዋ የተወለደችው በእንጨት ሰበብ ነው። አዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ደን ተመንጥሮ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ሲጠፋ፣ ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1900 ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ሊያዞሩ አስበው ኮረብታው ላይ ቤተ መንግሥት አስጀመሩ፤ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኝ መንገድም ተሠራ። ብዙ ሳይቆይ ሐሳቡ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ስፍራም የማርያም ሆነ። አዲስ አበባ እዚያው እንድትቀር ካደረጓት ነገሮች አንዱ በዚያው ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣውና በጥቂት ዓመት የሚደርሰው ባሕር ዛፍ ነው። በእንጨት እጦት ሰበብ የተቆረቆረችው አዲስ ዓለም ዛሬ ዙሪያዋን በባሕር ዛፍ ተከባለች። ቋሚው፣ ማገሩ፣ ወራጁ፣ ሁሉም እሱ ነው። ይህ ለጣሪያ ምን ትርጉም እንዳለው ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

ቆርቆሮው ግን ከሩቅ የመጣ ነው። ስስ ብረትን እንደ ሞገድ አጣጥፎ ማጠንከርን እ.ኤ.አ. በ1829 ለንደን ውስጥ በስሙ ያስመዘገበው ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የተባለ መሐንዲስ ነው። ልሙጡ ሉህ በራሱ ክብደት ይለምጣል፤ ሞገድ ሲያወጣ ግን ሰው ይሸከማል። የዝገቱን ነገር ደግሞ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል እ.ኤ.አ. በ1837 ባስመዘገበው ዘዴ መላ አገኘለት፤ ብረቱን በቀለጠ ዚንክ ውስጥ መንከር። ወደ እኛ አገር የመጣው መጀመሪያ በጋማ ከብትና በግመል ጭነት ስለነበር የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ጣሪያ ሆኖ ቆየ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ጭነቱ ቀለለ፤ ቆርቆሮም ቀስ በቀስ የሣር ክዳንን እየተካ የተራው ሰው ሆነ።

ዚንክ ብረትን የሚጠብቀው ሸፍኖት ብቻ አይደለም። ውሃና አየር ባሉበት ሁለቱ ብረቶች ተነካክተው ሲቀመጡ ቀድሞ የሚበላው ዚንኩ ነው። ስለዚህ ቆርቆሮ በጥፍር ቢጫር ወይም ጠርዙ በመቀስ ቢቆረጥ፣ የተራቆተው ብረት ወዲያው አይዝግም፤ አጠገቡ ያለው ዚንክ ራሱን እየሰጠ ያቆየዋል። ዕዳውን እየከፈለ ያልቃል ማለት ነው። በመሆኑም የቆርቆሮ ዕድሜ የሚለካው በዚንኩ ውፍረት ነው። ገበያ ላይ 28 ጌጅ የሚባለው ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን 35 ጌጅ የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ዋጋው ሲረክስ ብረቱም ዚንኩም ሳስቷል።

አሁን ደግሞ ቆርኪን እንመልከት። አምቦ ውሃ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ የሚሸጥ ስለሆነ በዚህ መንገድ ላይ ቆርኪ ብርቅ ሆኖ አያውቅም፤ ምስማር ሥር ሮንዴላ አድርጎ መምታትም የተለመደ ዘዴ ነው። ዘዴው ብልህነት አለበት፤ የምስማሩ ራስ ቆርቆሮውን በስቶ እንዳያልፍ ቆርኪው ያሰፋዋል። ግን የጠርሙስ ቆርኪ የሚለበጠው በዚንክ አይደለም፤ በቲን ወይም በክሮም ነው። እነዚህ ሲጫሩ ለብረቱ አይሠዉለትም። ቲን እንዲያውም የባሰ ነው፤ እሱ ሳይነካ ይቀመጥና ብረቱ ቀድሞ ይበላል። በዚያ ላይ የቆርኪው ጠርዝ ሲቆረጥ ጀምሮ ራቁቱን ነው። አንድ ሁለት ክረምት ሲያልፍ ቆርኪው የዝገት ቅርፊት ሆኖ ውሃ ይዞ ይቀመጣል፤ ከሥሩ ያለውን ደህና ቆርቆሮም አብሮ ያስበላዋል። በቆርኪ የተመታ ጣሪያ ያለው ሰው ዝናብ ሳይጀምር መንቀል ይጀምር።

ትክክለኛው የቆርቆሮ ምስማር ባለ ኮፍያ ሆኖ ከሥሩ የጎማ ሮንዴላ ያለው ነው። እሱም ቢሆን ፈተና አለበት። መጀመሪያ መዶሻው ራሱ ይጎዳዋል፤ ኮፍያው ላይ ያለው ዚንክ በምት ይላላጣል። ቀጥሎ ፀሐዩ አለ። ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ፀሐይ ጎማን ቶሎ ታደርቃለች፤ ጎማው ይደነድናል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ እንደ ፍርፋሪ ይራገፋል። ከካላማዳሪያ ተቆርጦ የሚሠራው ሮንዴላም ዕጣው ያው ነው፤ የተሻለ ካልተገኘ ግን ከቆርኪ እሱን እመርጣለሁ።

ሦስተኛው ፈተና የማይታይ ነው። ቆርቆሮ በቀን ይግላል፣ በሌሊት ይቀዘቅዛል። የሌሊትና የቀን ልዩነቱ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢሆን ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝምና ይመለሳል። አንድ ሚሊ ሜትር ምንም አይመስልም። ግን በየቀኑ ነው፣ ያውም በምስማሩ አንገት ላይ። ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ ጣሪያው «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚለው በዚህ የተነሣ ነው። ቀዳዳው እየሰፋ፣ ዙሪያው ያለው ዚንክ እየተፋቀ ይሄዳል።

ባሕር ዛፉ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቤት የሚሠራው ሰው ቸኩሎ እርጥብ አጣና ያቆማል፤ ሳይደርቅ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ምስማር ይመታበታል። እንጨቱ በበጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ የያዘውን ምስማር ይለቃል። ምስማሩ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ወደ ላይ ብቅ ይላል። ባለሙያዎች በጣት ሲነኩት የሚወዛወዝ ምስማር የሚያገኙት ስለዚህ ነው። ከኮፍያው ሥር ክፍተት ተፈጠረ ማለት ዝናቡ በር አገኘ ማለት ነው። ውሃው ምስማሩን ተከትሎ እንጨቱ ውስጥ ይገባል፤ ምስማሩ ከውስጥ ይዝጋል። ዝገት ከተፈጠረበት ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ ስለሚይዝ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። እንጨቱ ውስጥ ያለው ታኒን ከዝገቱ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ጥቁር ይሆናል። እንዲህ ያለ እንጨት ላይ የተነቀለ ምስማር ቀዳዳ ዙሪያውን እንደ ቀለም የጠቆረ ነው፤ በካቻቢቴ ጫፍ ሲነካ ይፈረፈራል። ያንን ያየ ሰው አዲስ ምስማር እዚያው ቀዳዳ ላይ መምታት ፋይዳ እንደሌለው ወዲያው ይገባዋል።

የአመታት ስህተትም አለ። ቆርቆሮ ጉብታና ቦይ አለው፤ ውሃ የሚሄደው በቦዩ ነው። ምስማር መመታት ያለበት ጉብታው ላይ ነው። ቦዩ እንጨቱ ላይ ስለሚያርፍ እዚያ መምታት ይቀላል፤ ጉብታው ላይ ሲመታ ይጎደጉዳል። የሚቸኩል ሠራተኛ ስለዚህ ቦዩን ይመርጣል። ሥራው በአንድ ቀን ያልቃል፤ ባለቤቱ ደግሞ ውሃ መሄጃ ላይ የተመቱ በመቶ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች ይረከባል። ይህን ቸልተኝነት ሳይሆን በደል ነው የምለው።

የውሃውን ብዛት ለመገመት ያህል፣ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በአንድ የሐምሌ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ 40 ካሬ ሜትር የሆነ ጣሪያ 1200 ሊትር ያወርዳል፤ ስድስት በርሜል ሙሉ። ከዚያ ውስጥ በአንድ ልቅ ምስማር በኩል አንድ ብርጭቆ ቢገባ ኮርኒሱን ለማበላሸት፣ የጭቃውን ግድግዳ ለማላቀቅ ይበቃል።

የሚያፈሰውን ቦታ መፈለግ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። በነሐሴ መሀል ባለሙያ ይጠራል።

«እማማ፣ የቱ ጋ ነው የሚያፈሰው?»

«ከአልጋው በላይ፣ ልጄ። ሳፋው ያለበት ጋ።»

ሰውዬው ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ አልጋው በሚገመትበት ቦታ ካትራሜ ይለቀልቃል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። በማግስቱ ሳፋው እዚያው ነው። ውሃ ከገባበት ቀዳዳ ቀጥ ብሎ አይወርድም። የቆርቆሮውን ሆድ ይዞ ይንሸራተታል፣ ወራጁን ያገኛል፣ ወራጁን ተከትሎ ይወርዳል፣ ቋጠሮ ወይም መጋጠሚያ ሲያጋጥመው ይንጠባጠባል። ቀዳዳው ከጠብታው ሁለት ሦስት ሜትር ሊርቅ ይችላል። አንድ ነገር ግን እርግጥ ነው፤ ከጠብታው በላይ ነው እንጂ በታች አይሆንም። ፍለጋው ከጠብታው ተነሥቶ ወደ ጣሪያው ጫፍ አቅጣጫ ነው የሚሄደው።

ከኮርኒሱ በላይ መግባት የሚቻል ከሆነ በቀን፣ ባትሪ ሳይበራ መግባት ነው። ዓይን ጨለማውን ሲለምድ ቀዳዳ ሁሉ የብርሃን ነጥብ ሆኖ ይታያል። ምስማር ያለበት ቀዳዳ ግን ብርሃን አያሳልፍም፤ ስለዚህ ቀጥሎ ባትሪ አብርቶ የእንጨቶቹን ጎን መመልከት ያስፈልጋል። ከምስማሩ ጫፍ ጀምሮ ጥቁር ወይም ቡናማ ጅረት የወረደበት፣ ዙሪያውን ክብ እድፍ የያዘ እንጨት ሁሉ ይመዘገባል። አንድ ሰው ከላይ በጆግ ወይም በጎማ ውሃ እያፈሰሰ ሌላው ከታች ቢጠብቅ ደግሞ የተሻለ ነው። ማፍሰስ የሚጀመረው ከታችኛው የምስማር መስመር ሆኖ ቀስ እየተባለ ወደ ላይ ነው። ከላይ ከተጀመረ ውሃው መስመሩን ሁሉ ስለሚያረጥብ የትኛው እንዳስገባ አይታወቅም።

በዚህ ሁሉ መሀል የማያፈስ ጣሪያም አፈሰሰ ተብሎ ይታማል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ቆርቆሮው ከአየሩም በላይ ይቀዘቅዛል። ቤት ውስጥ የተኛው ሰው ትንፋሽ፣ የወጡና የሻዩ እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛው ብረት ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ሲነጋ ይንጠባጠባል። ዝናብ ሳይዘንብ የሚንጠባጠብ፣ አንድ ቦታ ሳይመርጥ በጣሪያው ሁሉ የሚበተን ከሆነ ይህ ነው። መድኃኒቱ ከግድግዳውና ከጣሪያው መገናኛ ላይ አየር ማስገቢያ መተው እንጂ ካትራሜ አይደለም። የማድ ቤት ጣሪያ ከውስጥ በኩል ቀድሞ የሚዝገውም በእንፋሎቱና በጢሱ ነው፤ የእንጨት ጢስ አሲድነት አለው።

ጥገናው ራሱ ከፍለጋው ይቀላል። የላላው ምስማር ሲነቀል መንቀያው ጉብታውን እንዳይጨፈልቀው ከሥሩ ጣውላ ይደረጋል። ከዚያ እንጨቱ ይፈተናል። ካቻቢቴው ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ያለ ጉልበት ከገባ ያ እንጨት ሸክም አይችልም፤ ከጎኑ ደረቅ ሞራሌ ተደርቦ በደህናው በኩል ይታሰራል። እንጨቱ ደህና ከሆነ አዲሱ ማሰሪያ ከአሮጌው ቀዳዳ ፈቀቅ ብሎ ይገባል። አቅም ካለ ከምስማር ይልቅ ባለ ጎማ የቆርቆሮ ቪቴ ይመረጣል፤ ጥርስ ስላለው እንጨቱ ቢኮማተርም ቶሎ አይለቅም። ሲጠብቅ ልክ አለው። ጎማው ከሮንዴላው ጠርዝ ትንሽ ብቅ ሲል ይቆማል። ከዚያ ካለፈ ጎማው ተጨፍልቆ ይወጣል፣ ጉብታውም ይጎደጉዳል፤ እዚያ ጎድጓዳ ላይ ውሃ ይቀመጣል።

የቀድሞው ቀዳዳ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ፣ ጸድቶና ደርቆ በሲልከን ይደፈናል። ዝገት የጀመረው የቆርቆሮ ክፍል እንዲሁ ተፍቆ አንቲረስት ይቀባል። ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ዝገቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያቆመውም፤ ከሥሩ እየበላ ይቀጥላል። ካትራሜን የማልወደው ለዚህ ነው። ሲቀባ ያምራል፤ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ውሃ ያስገባል፣ የቀረው ንጣፍ ያንን ውሃ ይዞ ያቆየዋል። ዓመት ቆይቶ የሚመጣው ባለሙያ ደግሞ ከሥሩ ያለውን ማየት አይችልም፣ ሲልከንም ቀለምም አይዝለትም።

አሸንዳው ውስጥና በቆርቆሮ መደራረቢያው ላይ የሚከማቸው የባሕር ዛፍ ቅጠል ይጠረግ። ቅጠሉ እርጥበት ይዞ ቀን ሙሉ ስለሚውል ዚንኩን ይጨርሰዋል። ሲሚንቶና ኖራም ቆርቆሮ ላይ እርጥብ ሆነው መውደቅ የለባቸውም፤ ሁለቱም ዚንክን ይበላሉ። አዲስ ቆርቆሮ የሚገዛ ሰው ደግሞ ግቢ ውስጥ ተደራርቦ ዝናብ የመታውን አይግዛ፤ በሉሆቹ መሀል የታሰረው ውሃ ዚንኩን ነጭ ዱቄት ያደርገዋል፣ ጣሪያ ላይ ሳይወጣ ዕድሜው አልቋል።

ይህ ሁሉ የጣሪያ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በአምቦ መንገድ ዳር ያሉት የላሜራ ሱቆች፣ ጣውላ አጽም ላይ ላሜራ የለበሱ የጭነት መኪና ሳጥኖች፣ በዚሁ መንገድ ነው የሚሞቱት። አውሮፓ ውስጥ ሰዎች ከመኪና ኋላ እየጎተቱ ለሽርሽር የሚወስዱት ካራቫን የሚባል ተንቀሳቃሽ ቤት አለ፤ ብዙዎቹ የእንጨት አጽም ላይ ስስ አሉሚኒየም የለበሱ ናቸው። ላሜራውን የያዙት ቪቴዎች ይዝጋሉ፣ ከሥራቸው ያለው ማጣበቂያ ይደርቃል፣ ውሃ ይገባል። ከውጭ ሲታይ ያብረቀርቃል፤ አጽሙ ግን በስብሷል። አሮጌ ካራቫን የሚገዛ ሰው ቀለሙን አያይም። በሩን ከፍቶ ያሸታል፣ ማዕዘኖቹን በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ ጠንቃቃው የእርጥበት መለኪያ ይዞ ይሄዳል። የእንጨት እርጥበት ከ20 በመቶ በታች እስካለ ድረስ የሚያበሰብሰው ፈንገስ አይነሣም፤ ከዚያ ሲያልፍ ነው ችግሩ። ተከራይም ሆነ ቤት ገዢ ይህን ልማድ ቢወስደው አይጎዳም። የሻገተ ሽታ ያለው ክፍል በቅርቡ ቀለም የተቀባ ኮርኒስ ካለው፣ ኮርኒሱ የተቀባው ለውበት ላይሆን ይችላል።

ሁለት የአደጋ ነገሮች ይነሡ። ውሃው የመብራት ገመድ ወይም አምፖል አጠገብ የሚወርድ ከሆነ ከሁሉ በፊት መብራቱ ከቆጣሪው ይጥፋ። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ደግሞ አይወጣም፤ በደረቅ ቀንም የሚረገጠው የምስማር መስመሩ ላይ ነው፤ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ብቻ ነውና።

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው ተረት ለጣሪያ አይሠራም። ጣሪያ የሚጠገነው ሲደርቅ ነው፤ ሲልከንም አንቲረስትም እርጥብ ብረት አይዙም፣ እርጥብ እንጨትም ቪቴ አጥብቆ አይይዝም። የበልግ ዝናብ ያለ ክፍያ የሚደረግ ፍተሻ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ካፊያ ሲወርድ ኮርኒሱን ቀና ብለው ይዩ፣ እድፉን በጠመኔ ያክቡት፣ ቀኑን ይጻፉበት። በግንቦት ደረቅ ቀን ባለሙያ ይጥሩ። መጥቶ ከታች ቆሞ «ይህን ያህል ቆርቆሮ ይፈልጋል» ካለዎት አመስግነው ይሸኙት፤ ጣሪያው ላይ ሳይወጣ፣ ምስማር ሳይነካ፣ እንጨት ሳይፈትሽ ዋጋ የሚነግርዎትን ሰው አያሠሩ።